በርንአውት ምንድን ነው? የኢመርጀንሲ ሲስተሮች ነገር

በርንአውት ሲባል ብዙ ሰው "ደከመኝ" ማለት ይመስለዋል። ድካም እኮ ጠግበው ሲተኙ ይለቃል፣ ይሄኛው ግን ሲስተሯ ሁለት ቀን ኦፍ ወጥታ እንኳን "ነገ ዲዩቲ አለብኝ" ስትል ሆዷ የሚገለባበጥባት ነገር ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈበት ፍሩደንበርገር የሚባል ሳይኮሎጂስት ነው፣ ኒውዮርክ ነፃ ክሊኒክ ውስጥ የሚያገለግሉ ሰዎች ቀስ በቀስ ሲያልቁ አይቶ። ከዛ ክርስቲና ማስላክ የምትባል ሳይኮሎጂስት ምልክቱን ለሶስት ከፈለችው፦ ውስጥ ተሟጦ ማለቅ፣ በሽተኛውን እንደ አልጋ ቁጥር ማየት፣ እና "እኔ ደሞ ምን ሰራሁ" ብሎ የራስን ስራ መናቅ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሽታ አላለውም፣ በቅጡ ካልተያዘ የስራ ጭንቀት የሚመጣ ነው ያለው፣ ማለትም ጣቱን የቀሰረው ስራው ላይ ነው እንጂ ልጅቷ ላይ አይደለም።

አሁን ኢመርጀንሲ እንግባ። ትሪያጅ ላይ (በሽተኛ እንደ ህመሙ ክብደት የሚለይበት ቦታ) ያለችው ነርስ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያለች ትለያለች፣ ቀዩ በጣም የከፋው ነው፣ ቀዩ ዘግይቶ ቢመጣም ቀድሞ ይገባል፣ ሁለት ሰዓት ለጠበቀ አስታማሚ ግን ይሄ "ዘመዷን አስገባች" ነው። አልጋ ሞልቷል፣ መድሃኒቱን ከውጭ ግዙ ተብሏል፣ ይሄን ሁሉ የወሰነችው እሷ አይደለችም ግን ፊት ለፊት የቆመችው እሷ ስለሆነች ስድቡም ግፊያውም ጥፊውም እሷ ላይ ያርፋል። አጠገቧ ያለውን ወንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) "ዶክተር እባክህ" የሚለው ሰውዬ እሷን "አንቺ!" ነው የሚላት (ሴት ስፔሻሊስትም ቀኑን ሙሉ "ሲስተር" ስትባል ነው የምትውለው)። የማታው ትንኮሳ ደሞ አለ፣ ከአስታማሚም ከባልደረባም፣ አብዛኛው ሪፖርት አይደረግም። አምቡላንስ ላይ የምትወጣዋማ በሌሊት የማታውቀው ሰው ቤት ነው የምትገባው፣ በር ላይ ጥበቃ እንኳን የላትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና ባለሙያዎች ከ8 እስከ 38 ከመቶው በስራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል ይላል፣ ስድብና ዛቻው እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሁለተኛው ምልክት፣ በሽተኛውን እንደ አልጋ ቁጥር ማየቱ ነው። ትላንት የተሰደበችው ዛሬ ቀና ብላ ሰው አታይም፣ መልሷ አጭር ይሆናል፣ አስታማሚው የናቀችው መስሎት ይጮሃል፣ እሷ ደሞ ይብስ ትዘጋለች። "ጨካኝ ናት" የምንላት ብዙ ጊዜ ያለቀች ናት። ጠዋት ወጥታ ቤት ስትገባም ልጅ አለ፣ ጓዳ አለ።

መፍትሄ ሲባል "ራስሽን ጠብቂ፣ ዘና በይ" ይሏታል፣ በየትኛው ሰዓት? ሰው ይጨመርላት፣ ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ ይግባ፣ ለምን እንደሚጠበቅ ለቤተሰቡ የሚያስረዳ ሰው ይመደብ፣ ስትመታም ሆስፒታሉ ራሱ ይክሰስላት እንጂ "ሀዘን ላይ ናቸው ተያቸው" ተብላ ወደ ቀጣዩ አልጋ አትላክ።