ኮዴክ ምንድን ነው? የድምፅ ፋይል አልከፈት ሲል

ከአሮጌ ሞባይል የአያታችሁን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገለበጣችሁ እንበል። ፋይሉን ስትጫኑት ማጫወቻው አልከፍትም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል። እባካችሁ አታጥፉት። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ደህና ነው፤ የጎደለው ኮዴኩ ነው።

ኮዴክ ድምፅን አጭቆ የሚያስቀምጥ፣ ሊደመጥ ሲል ደግሞ መልሶ የሚፈታ ዘዴ ነው። በሲዲ ጥራት ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ካልታጨቀ የአንድ ደቂቃ ዘፈን 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በድሮዎቹ ስልኮች የምንቀዳበት ኤኤምአር የሚባለው ኮዴክ ግን የተሠራው ለንግግር ብቻ ስለሆነ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካና አጥብቆ ያጭቃል፤ ደቂቃው 100 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ በትንሿ ሚሞሪ ካርድ ያን ሁሉ ወሬ መቅዳት የቻልነው በዚህ ነው። ችግሩ፣ ብዙ የኮምፒውተር ማጫወቻዎች ኤኤምአርን መፍታት አያውቁም።

ሰው የሚሳሳተው ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቧ በኋላ ባሉት ፊደላት ነው። እነሱን ወደ ኤምፒ3 ቀይሮ ይከፈታል ብሎ የሚጠብቅ አለ። ጆንያ ላይ ጤፍ ብሎ መጻፍ ውስጡ ያለውን ገብስ ጤፍ አያደርገውም። እንዲያውም አንድ ዓይነት ጆንያ የተለያየ እህል ይይዛል፦ ኦግ በሚባለው ፋይል ውስጥ ቮርቢስ የሚባል ኮዴክ ሊኖር ይችላል፣ ኦፐስ የሚባል ሌላ ኮዴክም ሊኖር ይችላል። በቴሌግራም የምንላላካቸው የድምፅ መልእክቶች ኦግ ውስጥ የገቡ ኦፐስ ናቸው፤ ኦፐስ ደግሞ ደረጃው የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለሆነ የቆየ ማጫወቻ ላያውቀው ይችላል።

መጀመሪያ ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ሞክሩ። ነፃ ነው፤ ብዙዎቹን ኮዴኮች ራሱ ይዟቸው ስለሚመጣ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ከተከፈተ በዚያው ወደ ዋቭ፣ ማለትም ድምፁን ሳያጭቅ ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ቀይሩት። ኤምፒ3 ሲያጭቅ ከድምፁ የተወሰነውን ስለሚጥል ለማስቀመጥ አልመርጠውም። ዋናውን ፋይልም ሳታጠፉ ያዙት።

ቪኤልሲም እንቢ ካለ የፋይሉን መጠን እዩ። ዜሮ ከሆነ ወይም ስልኩ ላይ ካለው ካነሰ ግልበጣው መሐል ላይ ተቋርጧል፤ እንደገና ገልብጡ። ከባዱ ሌላ ነው፦ ኤም4ኤ በሚባለው የፋይል ዓይነት እየቀዳችሁ ባትሪው ከሞተ። ኤኤምአር ቁራጭ በቁራጭ ስለሚጻፍ እስከተቋረጠበት ድረስ ይሰማል። ኤም4ኤ ግን የትኛው ድምፅ የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። ድምፁ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ማውጫው ግን የለም። ይህን የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ ማውጫውን መልሰው የሚሠሩት በዚያው ስልክ የተቀዳ ሌላ ደህና ፋይል አይተው ነው። ስለዚህ ስልኩ እጃችሁ ላይ ካለ አትሽጡት፤ ቅንብሩን ሳትነኩ አንድ ደቂቃ ያህል ቅዱበትና ያንን ፋይል ከተበላሸው ጋር አስቀምጡት።