ታብሌት መጣ ማለት ዲጂታል ትምህርት መጣ ማለት አይደለም

የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ዲጂታል ስለማድረግ ሲወራ ደጋግመው የሚነሱ ሐሳቦች አሉ። ሲሰሟቸው ልክ ይመስላሉ።

«ዋናው መሣሪያው ነው፤ ሌላው ይደርሳል»

አይደርስም። ፔሩ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጆች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አደለች። በ2012 የወጣ ጥናት ግን የልጆቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት እንዳልተሻሻለ አሳየ። ልጆቹ ላፕቶፑን መነካካት ለመዱ፤ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ፈተና ላይም መጠነኛ መሻሻል ታየ።

ኡሩጓይ በ2007 ጀምራ በሁለት ዓመት ውስጥ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎቿን በሙሉ አዳረሰች። ኢንተርኔቱንና ጥገናውንም አብራ አሰበችበት። ይህ መሣሪያዎቹን በሥራ ላይ አቆያቸው። እዚያም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች በውጤት ላይ ለውጥ አላገኙም። ጥገና መሣሪያውን ያሠራል እንጂ አያስተምርም።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሞከርም»

በዩኔስኮ የ2023 ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ኢንተርኔት ያላቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 40 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም። ኮሊብሪን የመሰሉ ፕሮግራሞች ትምህርቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡና በግቢው ዋይፋይ ለታብሌቶቹ ያከፋፍላሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ መብራቱ ነው። በዓለም ላይ ከአራት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ኤሌክትሪክ የለውም። ሶላር ይተከል ከተባለ ደግሞ ሒሳቡ ቀድሞ ይሠራ። 40 ታብሌት እያንዳንዱ በ10 ዋት ለአራት ሰዓት ቻርጅ ቢደረግ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 3.2 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። በግዥ ዝርዝሩ ላይ ታብሌቱ በጉልህ ይጻፋል፤ ባትሪው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

«ወጣት አስተማሪዎች ስልክ ስለሚችሉ ሥልጠና አያስፈልጋቸውም»

ቴሌግራም መቻል ሌላ፣ 50 ልጅና 20 ታብሌት ይዞ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜን መምራት ሌላ። ግማሹ ክፍል «ቲቸር፣ የኔ አልከፍት አለ!» እያለ ሲጮህ ምን ይደረጋል? ይህንን የሚያውቀው ክፍል መያዝ የሚችል አስተማሪ ነው። በእኔ እምነት ስልክ ብዙም የማይወደው ነባር አስተማሪ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዝግጁ ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ሰርተፍኬት ማደሉ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። አስተማሪው የነገውን ትምህርት ይዞ ቢመጣና ከባልደረባው ጋር ቢሞክረው ይሻላል።

«ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካልሆነ ፍትሐዊ አይደለም»

ለትንንሽ ልጆች ሁለት ሆኖ መሥራት ጉዳት የለውም፤ እየተነጋገሩ ያስባሉ። አንዱ ብቻ እንዳይነካው ግን ማፈራረቅ ያስፈልጋል።

«ዕቃው እንዳይበላሽ ተቆልፎ ይቀመጥ»

ይህን በግልጽ የሚናገር የለም፤ በተግባር ግን በብዙ ቦታ ይደረጋል። ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ ተረክቧል፤ ቢሰበር ተጠያቂው እሱ ነው። አስተማሪውም ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ይፈራል። ታዲያ ቁልፉን ማን ያውጣ? ልጆች እጅ የገባ ዕቃ መሰበሩ አይቀርም። ስለዚህ ታብሌቱ ከመከፋፈሉ በፊት የጥገናና የመተኪያ በጀት ይመደብ፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ብልሽት አስተማሪው እንደማይከፍልም በጽሑፍ ይሰጠው።