ልዩ ኃይል ማን ነው? ከክቡር ዘበኛ እስከ ልዩ ዘመቻዎች ኃይል

በኢትዮጵያ «ልዩ ኃይል» ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ነገር አያስብም። አንዱ ቀይ ቦኔት ያጠለቀ ኮማንዶ ይታየዋል። ሌላው እስከ 2015 ዓ.ም. በየክልሉ የነበረውን የታጠቀ ፖሊስ ያስታውሳል። አዛውንቶች ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ጠባቂ ጦር፣ ክቡር ዘበኛን ያነሳሉ። ሦስቱም ልዩ ናቸው፤ ልዩ ያሰኛቸው ነገር ግን አንድ አይደለም። ኮማንዶን የሚለየው ሥራው ነው። የክልሉን ኃይል የሚለየው ተጠሪነቱ ነበር። ክቡር ዘበኛ መጀመሪያ ልዩ የሆነው በሚጠብቀው ሰው ነው፤ በኋላ ግን በራሱ ብቃት ስም አወጣ።

ክቡር ዘበኛን የመሠረቱት ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ናቸው፤ አልጋ ወራሽ ከሆኑ ብዙም ሳይቆዩ። በዚያ ዘመን ወታደር የሚከተለው ጌታውን ነበር። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጦር ነበራቸው። ራስ ተፈሪ የፈለጉት በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነና ለእርሳቸው ብቻ የሚታዘዝ ጦር ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጂየም መኮንኖች ለሥልጠና መጡ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ተስፋቸውን የጣሉት በዚህ ጦር ላይ ነበር። ውጊያው አልቀናም። ክቡር ዘበኛ ግን በዚያ ቀን ብዙ ሰው ገብሮ ተዋጋ።

ከነፃነት በኋላ ጦሩ እንደገና ተቋቋመ። ዕጩ መኮንኖቹን የስዊድን መኮንኖች አሠለጠኑ። ወርቃማው ዘመን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የኮሪያ ጦርነት ሲነሳ ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ጦር ላከች። ዘማቾቹ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነው። ሻለቃው «ቃኘው» ተባለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። ሻለቃው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነው። በሌሊት ቅኝት የታወቀ ነበር።

የዘማቾቹ ቁጥር ላይ መዛግብት አይስማሙም። 3,518 የሚሉ አሉ፤ ከ6,000 በላይ የሚሉም አሉ። የሞቱት 121 ወይም 122 ተብለው ይቆጠራሉ፤ የቆሰሉት 536። በአንድ ነገር ላይ ግን ክርክር የለም። ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። የጦር ምርኮኞች ሲለዋወጡ ኢትዮጵያ የምትረከበው ሰው አልነበራትም። ዛሬም በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ መታሰቢያቸው ቆሟል። በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል።

ክቡር ዘበኛ በጦር ሜዳ ብቻ አልነበረም ስሙን ያስጠራው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ቶኪዮ ላይም ደገመው። ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው ማሞ ወልዴም ከዚያው ጦር ነው፤ ኮሪያም ዘምቷል። በተከታታይ ሦስት የኦሊምፒክ ማራቶን ከአንድ ጦር ቤት! ይህን የሚያህል ታሪክ ያለው ሠራዊት ማግኘት ይከብዳል።

ከሮም ድል ሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ አከሸፉት። ብዙው ተራ ወታደር ለንጉሡ የሚዋጋ መስሎት እንደተሰለፈ ይነገራል። ጦሩ ከዚያ በኋላ እንደገና ተደራጀ፤ የቀድሞው አመኔታ ግን አልተመለሰም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙም አልቀጠለም።

በደርግ ዘመን ቤተ መንግሥቱን የሚጠብቀው ልዩ ጥበቃ ብርጌድ ነበር። በግንቦት 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር መከላከያ ሚኒስቴርን የከበበው እሱ ነው። አየር ወለድ በንጉሡ ጊዜ ደብረ ዘይት ላይ አንድ ሻለቃ ነበር። በደርግ ጊዜ 102ኛ አየር ወለድ እስከ ክፍለ ጦር አደገ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኮማንዶ ሲባል አጋዚ ነው። ስሙ የመጣው ከሕወሓት መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከዘርኡ ገሠሠ የትግል ስም ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከደረሰው ግድያ ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል።

ዛሬ በመከላከያ ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው የልዩ ዘመቻዎች ኃይል ነው። ኮማንዶ፣ አየር ወለድና ፀረ ሽብር በሥሩ ናቸው። ዋናው የሥልጠና ቦታ ብላቴ ነው። በሌላው ዓለም ልዩ ጦር ከሚባለው ጋር በደንብ የሚገጥመው ይህ ነው፦ ተመርጦ የሚገባ፣ በጥቂት ሰው ከባድ ግዳጅ የሚወጣ። መሪዎችን የመጠበቁ ሥራ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የሪፐብሊካን ጋርድ ነው። ክቡር ዘበኛ አንድ ላይ ይዞት የነበረው ሥራ አሁን ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው።

የክልል ልዩ ኃይል ታሪኩ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ይፈቅዳል፤ «ልዩ ኃይል» የሚል ቃል ግን የለውም። መነሻው ሶማሌ ክልል ነው። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር (ኦብነግ) የተባለው ታጣቂ ቡድን አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ ጥቃት ፈጸመ። 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ልዩ ፖሊስ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች ክልሎችም ተከተሉ። አባላቱ በወረቀት ፖሊስ ነበሩ፤ በትጥቅና በሥልጠና ግን ወደ ወታደርነቱ ያደሉ ነበሩ።

መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌዴራል መንግሥቱ ልዩ ኃይሎቹ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንደሚገቡ አስታወቀ። አማራ ክልል ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። መንግሥት ነገሩን መልሶ ማደራጀት ብሎታል። የተቃወሙት ደግሞ ትጥቅ ማስፈታት ነው አሉ። ከአባላቱ አዲሱን መለዮ የለበሱ አሉ፤ መሣሪያቸውን ይዘው ጫካ የገቡም አሉ።