የቁስል ኢንፌክሽን ምንድን ነው? ከንቅሳትና ከመበሳት በኋላ የቀላ ሁሉ አልተመረዘም

ትናንት የተበሳ አፍንጫ ወይም የተነቀሰ ክንድ አብጦ በታየ ቁጥር ኢንፌክሽን መሆኑ ወዲያው ይታወጅና አሞክሲሲሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲጀመር ይመከራል። ይህ ምክር መድኃኒት ቤት ለምንሠራ ሰዎች የሰለቸን ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል።

ኢንፌክሽን የሚባለው ተህዋስያን በቁስሉ ገብተው፣ ተራብተው ሥጋውን መጉዳት ሲጀምሩ ነው። በመርፌ የተወጋ ቆዳ ግን አንድም ጎጂ ተህዋስ ባይገባበት ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፤ ይህ ብግነት ሲሆን የመዳን መጀመሪያ ነው። በር ሲሰበር ጎረቤት ግር ብሎ ይወጣል፤ ግቢው በሰው ስለተሞላ ብቻ ሌባ ገብቷል አይባልም። የመጣው ሰው በሩን ጠግኖ ቀስ በቀስ ከተበተነ ነገሩ በሰላም አልቋል፤ በአራተኛው ቀን ጫጫታው ጭራሽ ከበረታ ግን በእርግጥም ውስጥ የተደበቀ አለ ማለት ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ ከጉትቻው ዙሪያ የሚወጣው ነጣ ያለ ፈሳሽ መግል ነው ብሎ አጥብቆ ሲከራከር አይቻለሁ። አይደለም። አዲስ ንቅሳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለም የተቀላቀለበት ቀጭን ፈሳሽ ያወጣል፤ የተበሳ ቦታ ደግሞ ለሳምንታት እየደረቀ ቅርፊት የሚሆን ፈሳሽ ሊያወጣ ይችላል። መግል ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ብዙ ጊዜም የሚሸት ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ እየባሰ፣ እብጠቱ ወደ ውጭ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ወይም ንፍፊት ከተከተለ ሐኪም ማየት ይገባል። እዚህ ላይ የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ፦ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ስለሚችል፣ ቦታው መጥቆሩን ወይም ወይን ጠጅ መምሰሉን፣ መወጠሩንና በእጅ ጀርባ ሲነካ መሞቁን ማየት ይሻላል።

በእርግጥ ኢንፌክሽን ቢሆን እንኳ አሞክሲሲሊን መልሱ አይደለም። በቆዳ ላይ የተለመደው ስታፊሎኮከስ አውሬስ የተባለው ባክቴሪያ በአብዛኛው ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍ ኢንዛይም ያመርታል። የጆሮ የላይኛው ክፍል፣ ማለትም ልም አጥንቱ ሲበሳ ደግሞ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ደጋግሞ የሚገኝ ሲሆን አሞክሲሲሊን ጨርሶ አይነካውም፤ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ሕክምናው ከዘገየ ጆሮው ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ በአንድ ነቃሽ ዘንድ የተነቀሱ 19 ሰዎች ማይኮባክቴሪየም ኬሎኒ በተባለ ባክቴሪያ ምክንያት ሽፍታ ሲወጣባቸው፣ ምንጩ አስቀድሞ የተበጠበጠ ግራጫ ቀለም ሆኖ ተገኝቷል፤ ባክቴሪያው ባልተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ ሳይቀር ነበር። እንዲህ ያለውን ተህዋስ ለመለየት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ የግድ ነው።

መከላከያው ግን ቀላል ነው። እጅን ታጥቦ ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ለተበሳ ቦታም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ መጠቀም ይበቃል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደጋግሞ ማፍሰስ አዲስ የሚበቅለውን ሕዋስ ስለሚያቃጥል፣ በሩን ሊጠግኑ የመጡትን ጎረቤቶች በዱላ እንደማባረር ነው። ቅቤ አይቀባም፤ ጉትቻውም «እንዳይጣበቅ» ተብሎ አይሽከረከርም። ኢንፌክሽን ሲጠረጠርም በራስ ውሳኔ ማውለቅ ጥሩ አይደለም፤ ቀዳዳው ቶሎ ይዘጋና መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የሆነው ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ በመርፌ ቢተላለፍም ቁስሉ ላይ ምንም ምልክት አያሳይም፣ ቫይረሱም ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀናት መቆየት ይችላል። ድድም ሆነ አንገት የሚነቀስ ሰው መርፌው ከነማሸጊያው ፊቱ እንዲከፈት ይጠይቅ፤ ክትባቱም ቀደም ብሎ ቢወሰድ ይመረጣል።