ስታቲክ ሳይት ጀነሬተር ምንድን ነው? ለግል ድረ ገጽስ ያዋጣል?

የራሱን ድረ ገጽ መክፈት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም ዎርድፕሬስ ነው፤ ድረ ገጽ መስሪያ ሶፍትዌር ነው። ሀዋሳም ሆነ አዲስ አበባ ያው ነው። አይገርምም፤ በዓለም ላይ ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሰሩት በሱ ነው። ግን አንድ ሰው ብቻውን ለሚጽፍበት፣ በወር ሁለት ሶስት ጽሁፍ ለሚወጣበት ገጽ ሌላ መንገድም አለ። ስሙ ትንሽ ያስፈራል፤ ስታቲክ ሳይት ጀነሬተር ይባላል። ነገሩ ግን ስሙን ያህል አይከብድም።

መጀመሪያ ዎርድፕሬስ እንዴት እንደሚሰራ እንይ። ጽሁፋችሁ የሚቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። አንባቢ ሊንኩን ሲጫን ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ ያለው ፕሮግራም ይነሳል። ርዕሱን፣ ጽሁፉን፣ ሜኑውን ከዳታቤዙ ይለቅማል፤ ገጣጥሞ ገጽ ያደርገዋል፤ ከዚያ ይልከዋል። ቀጣዩ አንባቢ ሲመጣ ይኸው ሥራ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ጽሁፉ ከአምና ጀምሮ አንዲት ፊደል ባትቀየርበትም ያው ነው። ይህን ድካም የሚቀንሱ ካሽ የሚባሉ መላዎች አሉ፤ እነሱም ግን ሌላ የሚጫን፣ ሌላ የሚጠበቅ ነገር ናቸው።

ስታቲክ ሳይት ጀነሬተር ሥራውን አስቀድሞ ይጨርሳል። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ሄዳችሁ አሳ ጥብስ ብታዙ አሳው ተጸድቶ፣ ዘይት ገብቶ እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ። አብሮት የሚቀርበው ዳቦ ግን ተጋግሮ ያለቀ ነው፤ ማንሳት ብቻ ነው። ዎርድፕሬስ አሳው ነው፣ ስታቲክ ገጽ ዳቦው። ጀነሬተሩ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው ነው። የሚጋግረውም ሰርቨር ላይ ሳይሆን እናንተው ላፕቶፕ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ አንድ ፎልደር አለ። ውስጡ ጽሁፎቻችሁ በተራ የጽሁፍ ፋይል ተቀምጠዋል። የገጹን መልክ የሚወስን ቴምፕሌትም አለ። አንድ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ። ጀነሬተሩ እያንዳንዱን ጽሁፍ ቴምፕሌቱ ውስጥ ያስገባል፣ የፊት ገጹን ዝርዝር ይሰራል፣ አርኤስኤሱን (አዲስ ጽሁፍ መውጣቱን ለተከታታዮች የሚያሳውቀውን ፋይል) ያዘጋጃል፤ ሁሉንም ባለቀለት ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ብሮውዘር በቀጥታ የሚያሳየው ፋይል አድርጎ ሌላ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። ያንን ፎልደር ኢንተርኔት ላይ መጫን ነው የቀረው።

ስለ ታቦር ተራራ የእግር ጉዞ ጻፋችሁ እንበል። ፋይሉ በሶስት ሰረዝ ይጀምራል። ከሰረዙ ስር አንዱ መስመር ርዕሱ፣ ሌላው ቀኑ ነው። ከዚያ ሶስት ሰረዝ ይደገምና ራስጌው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ጽሁፋችሁ ነው። ንዑስ ርዕስ ካስፈለገ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ## ታደርጋላችሁ። ቃል ለማድመቅ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ሁለት የኮከብ ምልክት (*) ማድረግ ይበቃል። ይህ አጻጻፍ ማርክዳውን ይባላል፤ ጆን ግሩበር 2004 ላይ ያወጣው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ግማሽ ሰዓት ከተለማመዳችሁት ይለመዳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። 2001 ላይ የወጣው ሙቨብል ታይፕ የሚባል የብሎግ ሶፍትዌርም ገጾቹን አስቀድሞ ሰርቶ ያስቀምጥ ነበር። ችግሩ የገጹን መልክ ትንሽ በነካካችሁ ቁጥር ሁሉንም ገጽ እንደ አዲስ ማሰራቱ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰርቨሮች ደግሞ ቀርፋፋ ነበሩ። ዎርድፕሬስ 2003 ላይ ብቅ ሲል እያንዳንዱን ገጽ አንባቢ ሲመጣ መስራት ጀመረ። «ጫኑት፣ ወዲያው ይታያል» ነው ነገሩ። በዚያ ላይ ሙቨብል ታይፕ 2004 ላይ የፈቃድና የክፍያ ደንቡን ሲለውጥ ብዙ ሰው ተቀይሞ ወደ ዎርድፕሬስ ተሻገረ። ከዚያ 2008 ላይ፣ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትሃብ መስራች ከሆኑት አንዱ ቶም ፕሬስተን ወርነር ጄኪል የሚባለውን ጀነሬተር አወጣና የድሮውን ሐሳብ መለሰው። ላፕቶፕ በጣም ስለፈጠነ ሁሉን ገጽ እንደገና መስራት ያን ያህል የሚያማርር ነገር አልነበረም። 2013 ላይ ሁጎ ተከተለ። ኢለቨንቲ፣ ፔሊካን እያሉ ስሞቹ ይቀጥላሉ፤ ሁሉንም መሞከር ግን ጊዜ ማጥፋት ነው።

እኔ ብጠየቅ ሁጎ እላለሁ። ምክንያቴ የሀዋሳ ምክንያት ነው፤ ኔትወርክና መብራት። ጄኪል እንዲሰራ ሩቢ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋና በርካታ ተጓዳኝ ነገሮች መውረድ አለባቸው። በሞባይል ዳታ ይህን ስታወርዱ መሃል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ የት እንደቆመ ማወቁ ራሱ ሥራ ነው። ሁጎ አንድ ፋይል ነው። አንዴ አውርዳችሁ፣ በፍላሽ ለጓደኛ መስጠትም ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ለመጻፍም፣ ገጹ ምን እንደሚመስል ለማየትም ኢንተርኔት አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ሥራ አይቆምም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ያለቀውን ለመጫን ብቻ ነው።

የሚጫነውም ትንሽ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ 3 ባይት ይይዛል። ሺህ ቃል ያለው የአማርኛ ጽሁፍ እንግዲህ 15 ኪሎባይት አካባቢ ነው። በስልክ የተነሳች አንዲት 3 ሜጋባይት ፎቶ የዚያን 200 እጥፍ ትመዝናለች። ስለዚህ ገጻችሁ ከከበደ ጥፋተኛው ጽሁፉ አይደለም፤ ፎቶዎቹን አሳንሱ።

ገንዘቡስ? ዎርድፕሬስ ራሱ ነጻ ነው፤ ግን ፒኤችፒ (ዎርድፕሬስ የተጻፈበት ቋንቋ) እና ዳታቤዝ ያለው ሆስቲንግ፣ ማለትም የሰርቨር ኪራይ፣ በየወሩ ወይ በየዓመቱ ይከፈልበታል። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። የውጭውን ከፈለጋችሁ ግን ዶላር የሚከፍል ካርድ ያሻል፤ እሱን ማግኘት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ስታቲክ ገጽ ግን ተራ ፋይል ስለሆነ በነጻ የሚያስቀምጡት ብዙ ናቸው። ጊትሃብ ፔጅስ አንዱ ነው። ገጹ በጠቅላላ ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ፣ በወር የሚተላለፈው ደግሞ 100 ጊጋባይት አካባቢ እንዲሆን ይጠይቃል። አንድ ገጽ 100 ኪሎባይት ቢሆን 100 ጊጋባይት ማለት አንድ ሚሊዮን ጊዜ መከፈት ነው። እዚያ ከደረሳችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በነጻው የጊትሃብ አካውንት ገጹ የሚሰራው ፎልደሩ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ነው። ሰው እንዲያየው የማትፈልጉትን ድራፍት እዚያ አታስገቡ።

የራሳችሁ ስም ያለው ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ከፈለጋችሁ ያ ለብቻው ይከፈላል፤ በየትኛውም ሶፍትዌር ብትሰሩ ከዚያ ወጪ አታመልጡም።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። የውጭ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም።

አንደኛው ጣጣ የሊንኩ አድራሻ ነው። ርዕሳችሁ አማርኛ ከሆነ ሶፍትዌሩ አድራሻውንም በአማርኛ ይሰራዋል። ብሮውዘሩ ላይ ሲታይ ያምራል። ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር የተሞላ፣ እንደ ቫይረስ ሊንክ የሚያስፈራ ሰንሰለት ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል። ምክንያቱም እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ሶስት ባይት ይተረጎማል፣ እያንዳንዱ ባይትም በሶስት ምልክት ይጻፋል፤ አንድ ፊደል 9 ምልክት ሆነ ማለት ነው። ዎርድፕሬስ ለዚህ የአድራሻ ክፍል የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። 200ን ለ9 ብታካፍሉ 22 ፊደል። ከዚያ በላይ የሆነ ርዕስ መሃል ላይ ይቆረጥባችኋል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፤ አድራሻውን በእጃችሁ፣ በላቲን ፊደል፣ አጠር አድርጋችሁ ስጡት። ሁጎ ላይ ፋይሉን በላቲን ፊደል ሰይሙት፣ ርዕሱ ግን ራስጌው ውስጥ በአማርኛ ይቀመጥ። አለቀ።

ሁለተኛው ቀን ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚያውቁት የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። በኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 2018 የወጣ ጽሁፍ ላይ ሳታስቡት 2018፣ 01፣ 01 ብላችሁ ብትሞሉ ጀነሬተሩ ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ብሎ ይቀበላችኋል። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። አዲሱ ጽሁፍ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ዝርዝሩ ግርጌ ይወሸቃል። እናንተም «ጽሁፌ የት ገባ?» እያላችሁ ትፈልጋላችሁ። ጳጉሜን ላይ ደግሞ ይብሳል፤ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅምና ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። ራስጌው ላይ የፈረንጁን ቀን ሙሉ፤ የእኛን ቀን ጽሁፉ መጀመሪያ ላይ በእጅ ጻፉት። የወደፊት ቀን ብትሞሉም ሁጎ ቀኑ እስኪደርስ ጽሁፉን አያወጣውም፤ ይህም ብዙ ሰው ያደናግራል።

መልኩን በተመለከተ ብዙ አልልም። አብዛኛው የውጭ ቴምፕሌት የተሰራው ለላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ ሲገባበት መስመሮቹ ይጣበቃሉ። የመስመር ክፍተቱን ከፍ አድርጉት። የተጋደመ ፊደልም ተውት፤ የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው የራሳቸው ኢታሊክ ስለሌላቸው ብሮውዘሩ ፊደሉን ገፍቶ ያንጋድደዋል፣ ያስቀይማል። ስልኮች አሁን አማርኛን በራሳቸው ስለሚያሳዩ ተጨማሪ ፎንት መጫንም የግድ አይደለም። ፊደላችን በመቶዎች ስለሚቆጠር የፎንቱ ፋይል ከጽሁፋችሁ በብዙ እጥፍ ሊከብድ ይችላል።

«ኮመንትስ?» ይላል ሁሉም ሰው። ስታቲክ ገጽ በራሱ ኮመንት አይቀበልም፤ ተቀብሎ የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ የለውም። ከሌላ አገልግሎት ተውሶ መለጠፍ ይቻላል። እኛ ጋ ግን ሰው የሚከራከረው ቴሌግራም ላይ ነው። ጽሁፉ ስር የቻናላችሁን ሊንክ ማስቀመጥ ይበቃል ባይ ነኝ። ዳታቤዝና የመግቢያ ገጽ ባለመኖሩ የሚገኝ ጥቅምም አለ፤ ሌሊት ሌሊት የዎርድፕሬስ ፓስወርድ ሲሞክሩ የሚያድሩ ሮቦቶች እናንተ ጋ የሚያንኳኩት በር አያገኙም። ያረጀ ፕለጊን (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር መሳሪያ) ካላደስኩ እጠለፋለሁ የሚል ስጋትም የለም።

ለማን አይሆንም? ላፕቶፕ ለሌለው አይሆንም። ከስልክ መስራት የሚችሉበት መንገድ አለ የሚሉ አሉ፤ አለ፣ ግን ያሰለቻል። በስልክ ብቻ ለሚጽፍ ሰው የጎግሉ ብሎገር ወይም ሆስቲንግ ሳትከራዩ ዎርድፕሬስ የሚያስጽፈው ዎርድፕሬስ ዶት ኮም ይሻለዋል፤ ሁለቱም በነጻ ያስጀምራሉ። አራት አምስት ሰው አብሮ የሚጽፍበት ገጽም፣ ዕቃ የሚሸጥበትም፣ የሆቴል ክፍል የሚያዝበትም ለዎርድፕሬስ የተመቸ ነው። ጎስት የሚባለው ለመጻፍ በጣም የሚያምር ሶፍትዌር ነው፤ ነገር ግን ከአንባቢ ክፍያ የሚሰበስበው ስትራይፕ በሚባል የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ነው፣ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ላለ ሰው ሂሳብ አይከፍትም። ስለዚህ ዋናው መስህቡ ለኛ የለም ማለት ይቻላል። ጥቁር ስክሪን ላይ ትዕዛዝ መጻፍ ጨርሶ የሚጨንቀው ሰውም ራሱን ባያስገድድ ይሻላል። እየተጨነቀ ከሚተወው፣ በሚመቸው ቢጽፍ ነው ጥሩ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጽሁፉ የማን እጅ ላይ እንዳለ ነው። ሰው የግል ገጹን በነጻ ይከፍትበት የነበረው ጂኦሲቲስ 2009 ላይ ሲዘጋ ስንት ሰው ዓመታት የለፋበት ገጽ አብሮ ጠፋ። ስታቲክ ሳይት ላይ ዋናው ቅጂ ያለው እናንተ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው የሱ ግልባጭ ነው። አስቀማጩ ነገ ቢዘጋ ፎልደሩን ሌላ ቦታ መጫን ነው። ሁጎ ራሱ ቢቀር እንኳ ፋይሎቹን በኖትፓድ ከፍታችሁ ታነቧቸዋላችሁ።

ብሎገር ወይም ዎርድፕሬስ ላይ የቆየ ጽሁፍ ያላችሁ ደግሞ ከባዶ መጀመር የለባችሁም። ሁለቱም ጽሁፉን በአንድ ፋይል ጠቅልለው ኤክስፖርት ያደርጋሉ፤ ያንን ወደ ማርክዳውን የሚቀይሩ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ። ጠቅልለው የሚሰጡት ፋይል ግን የፎቶውን ሊንክ እንጂ ፎቶውን አይዝም። አሮጌውን ገጽ ከመዝጋታችሁ በፊት ፎቶዎቹን ለብቻ አውርዱ።