ባዝን የቀየሰው ሰው፦ ስለ ጆን ውድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዟን ባዝ ስም ብዙዎቻችን የሰማነው በጃንሆይ ስደት ምክንያት ነው። ከ1936 እስከ 1940 እዚያ ኖረዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለከተማዋ የዛሬ መልኳን በመስጠት ግንባር ቀደሙ ግን ከእሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የኖረ የግንበኛ ልጅ ነው፤ አርክቴክትና መሬት ቀያሽ ጆን ውድ። በ1704 ባዝ ተወለደ፣ በ1754 እዚያው ሞተ። ስለ ሥራው የሚወራው ብዙ ነገር የተዛባ ነው፤ ሰውየው ደግሞ በትክክል ሊታወቅ ይገባዋል።

«ጃንሆይ የኖሩበት ቤትም የጆን ውድ ሥራ ነው።»
አይደለም። ፌርፊልድ የሚባለው ያ ቤት የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

«በባዝ የሚታዩትን ዓምዶች ያቆሙት ሮማውያን ናቸው።»
ሮማውያን በባዝ ትተው የሄዱት ትልቁ ቅርስ የፍልውሃ መታጠቢያው ነው። ፎቶ ላይ ከገንዳው በላይ የምናያቸው ዓምዶችና የቄሳሮቹ ሐውልቶች እንኳ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭማሪ ናቸው። ባለ ዓምድ አደባባዮቹና መንገዶቹ ደግሞ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ውድ ትልቁን የሮማውያን ገንዳ በዓይኑ አላየውም። ተቆፍሮ የወጣው እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

«ከተማዋን አቅዶ ያሠራው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውድ ዕቅዱን ለከተማው አስተዳደር አቅርቦ ነበር፤ አልተቀበሉትም። እሱም ከከተማዋ ግንብ ውጭ ወዳለው መሬት ዞረ። ባለቤቱ ሮበርት ጌይ የሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም ነበር። ውድ መሬቱን ከሱ በ99 ዓመት ሊዝ ወሰደ፣ ለካ፣ ሸነሸነ፣ ከዚያ ለግንበኞች መልሶ አከራየ። ግንበኞቹ ግድግዳ አቁመው ጣሪያ እስኪያለብሱ ሁለት ዓመት ፋታ ያገኙ ነበር። ሙሉ ኪራይ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ካዝናው ባዶ የሆነ ሰው አደባባይ የሚያሠራበት ብልሃት ይኼ ነው። ኩዊን ስኩዌር ከ1728 እስከ 1736 የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። በእኔ እምነት የውድ ትልቁ ችሎታ እዚህ ነው ያለው፤ ከሥዕሉ ይልቅ በቅየሳውና በውሉ።

«በአደባባዮቹ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ቤተ መንግሥት ነበሩ።»
የኩዊን ስኩዌርን ሰሜናዊ ጎን ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። መሐሉ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር አለ፣ ዓምዶቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፣ የአንድ ጌታ ቤት ይመስላል። ግን የተለያዩ ሰዎች የሚኖሩባቸው ጎን ለጎን የተገጠገጡ ቤቶች ናቸው። የውድ ደንብ ቀላል ነበር፦ የፊቱ ግድግዳ በእኔ ንድፍ፣ ከኋላው ያለው እንደ ፍላጎታችሁ።

ይህን ደንብ ጎልቶ የሚያሳየው ሮያል ክሬሰንት ነው። ከፊት 30 ቤቶች በአንድ ግማሽ ክብ ተሰልፈዋል፤ 114 ዓምዶች፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት ከፍታ። ዞር ብሎ ጀርባውን ላየ ግን ጣሪያው አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ያለ ነው፣ መስኮቶቹ አይገጥሙም፣ አንዳንዱ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ከኋላ ሁለት የሚመስለው ቤት ከፊት አንድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ባዝ የሄደ ሰው ይህን ጀርባ ሳያይ ባይመለስ ደስ ይለኛል።

«ሮያል ክሬሰንትን የሠራው እሱ ነው።»
የሠራው ልጁ ነው፤ ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ይምታታል። አባትየው በየካቲት 1754 የሰርከስን የመጀመሪያ ድንጋይ አስቀምጦ በግንቦት ሞተ። ሰርከስ የሚባለው ክብ አደባባይ ነው። በ1768 የጨረሰው ልጁ ሲሆን፣ ክሬሰንትን ደግሞ ከ1767 እስከ 1774 አሠራ።

«ሰርከስ የሮማው ኮሎሲየም ግልባጭ ነው።»
መመሳሰሉ አለ። ሦስት ዓይነት ዓምዶች በሦስት ደርብ ተደራርበዋል፤ ልዩነቱ የባዙ ፊቱን ወደ ውስጥ ማዞሩ ነው። ነገር ግን የውድ ሐሳብ ሮም ላይ አላቆመም። በ1741 ባሳተመው መጽሐፍ የሕንፃ ጥበብ ሥርዓት ከግሪክና ከሮም ሳይሆን ከእግዚአብሔር የመጣ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ምንጩን ከሙሴ የመገናኛ ድንኳንና ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ ይስባል። የጥንት ብሪታኒያ ካህናትም ባዝ አጠገብ ትልቅ ማዕከል ነበራቸው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በ1740 ስቶንሄንጅ ወደሚባለው የጥንት ግዙፍ ድንጋዮች ክብ ሄዶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለካ። የሰርከስ ስፋት 318 ጫማ፣ ወደ 97 ሜትር ነው፤ ብዙ አጥኚዎች መነሻውን ከዚያ ከስቶንሄንጅ ልኬት ያያይዙታል።

ስለ ካህናቱ የጻፈውን ዛሬ የሚቀበለው የታሪክ ሰው የለም። ልኬቱ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1797 ስቶንሄንጅ ላይ ሁለት ግዙፍ ቋሚ ድንጋዮች በላያቸው ከተጋደመው ጋር ወደቁ። ከዚያ በፊት እንዴት እንደቆሙ ማወቅ የፈለጉ ተመራማሪዎች የውድን ቁጥሮች አውጥተው ተጠቅመዋል።