አምስተኛዋ ውሃ የት ገባች?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል። አሳችን እስኪደርስ የእህቴ ልጅ የኬሚስትሪ ደብተሯን ዘረጋች። «አጎቴ፣ ኮፐር ሁለት ሰልፌት ይላል። ታዲያ መዳቡ እንዴት ስድስት ነገር ይይዛል?»

ጥያቄዋ ልክ ነው፤ የሚያምታታው አጻጻፉ ነው። «ሁለት» የሚለው የመዳቡን ቻርጅ ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮን አጥቷል ለማለት። ስንት አቶም ተያይዞታል የሚለው ሌላ ቁጥር ነው፤ ኮኦርዲኔሽን ቁጥር ይባላል። እዚህ ስድስት ነው።

የኮፐር ሁለት ሰልፌት ሰማያዊ ክሪስታል ለአንድ መዳብ አምስት ውሃ አለው። አምስቱም መዳቡ ላይ የተጣበቁ ይመስላል፤ አይደሉም። በ1934 እ.ኤ.አ. ቢቨርስና ሊፕሰን የተባሉ ሳይንቲስቶች በኤክስሬይ ሲያጠኑት አራቱ ውሃዎች መዳቡን በካሬ ከበውት ተገኙ። ከላይና ከታች የሰልፌት (አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን የያዘው ክፍል) ኦክስጅኖች አሉ፤ እነሱ ራቅ ብለዋል። ውሃዎቹ ወደ 2 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሜትር አስር ቢሊዮንኛ ነው)፣ ሰልፌቶቹ ወደ 2.4 ይርቃሉ።

አምስተኛዋስ? መዳቡን ጭራሽ አትነካውም። በሃይድሮጅን ቦንድ፣ ማለትም በሃይድሮጅን በኩል በሚፈጠር ደከም ያለ መሳሳብ፣ ሰልፌቱንና ሌሎቹን ውሃዎች ይዛ መሃል ተቀምጣለች። ክሪስታሉ ሲሞቅ ውሃዎቹ በየደረጃው ይወጣሉ፤ በመጨረሻ ሁሉም ያልቃሉ። ያኔ ዱቄቱ ነጭ ይሆናል፤ ውሃ ጠብ ሲልበት ተመልሶ ሰማያዊ።

ሰማያዊውን ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ አሞኒያ ስትጨምሩ መጀመሪያ ይደፈርሳል። አትደንግጡ፣ ጨምሩበት። ጥርት ያለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ አራት አሞኒያዎች የአራቱን ውሃዎች ቦታ ወስደዋል። ላዩ ላይ አልኮል ቀስ ብሎ ሲፈስበት ክሪስታሉ ይወርዳል። የመዳቡ ቻርጅ? ያው ሁለት።